ለታመመችበት ቀን እኛ እንክፈላት

እህቶቼ፣ እዚህ ቤይሩት ከመካከላችን ሬስቶራንትና የድግስ ምግብ የሚያዘጋጁ ቤቶች ውስጥ በቀን ሂሳብ የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ስለ ምግብ ንጽህና ሲነሳ አሠሪዎች መጀመሪያ የሚሉት «ጓንትሽን አድርጊ» ነው። እኔ ግን ከጓንት የሚበልጥ ነገር አለ ባይ ነኝ።

ጓንት መጥፎ ነው አላልኩም። ግን ጥሬ ዶሮ የነካ ጓንት መልሶ ሰላጣ ከነካ፣ ስልክና ብር የያዘ ጓንት ዳቦ ካነሳ፣ ከባዶ እጅ በምን ተሻለ? እጃችን ሲቆሽሽ ይሰማናል፣ እንታጠባለን። ጓንቱ ሲቆሽሽ ግን አይሰማንም። እጅን በሳሙና መታጠብን የሚተካ የለም።

ዋናው ነገር ደግሞ ይኸውና። የሚያስመልሳት ወይም ተቅማጥ የያዛት ሴት ለሌላ ሰው የሚቀርብ ምግብ መንካት የለባትም። ካቆመላት በኋላም 48 ሰዓት መቆየት አለባት፤ ተሽሏት እንኳ ጀርሙ ከሰውነቷ ይወጣልና። ይሄን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ታዲያ ለምን ታመው ይገባሉ? የቀረች ቀን ገንዘብ የለማ! ሁለቴ ከቀረች ደግሞ በቦታዋ ሌላ ትገባለች። ስለዚህ ኪኒን ውጣ፣ ጓንት አጥልቃ ትገባለች። እሷ በነካችው ሰላጣ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሊታመም ይችላል። ያን ጊዜ «ቆሻሻ ናቸው» የሚባለው ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ችግሩ አለማወቅ ሳይሆን የቀን ሂሳብ ነው። አሠሪዎች ለታመመችበት ቀን እንዲከፍሉ መጠየቅ አለብን። እስከዚያው ግን ከየወሩ መዋጯችን ላይ ትንሽ ይነሳና ሆዷን ለታመመች እህት የ2 ቀን ሂሳብ ይሰጣት። እሁድ እሁድ እንጀራና ወጥ ለእኛው የምትሸጠውም ትካተት፤ የእሷን ምግብ የምንበላው እኛው ነን።

«ውሸቷን ነው ቢባልስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አንዳንዷ ትዋሽ ይሆናል። አገር ቤት እድር ውስጥም የሚዋሽ አይጠፋም፤ እድሩ ግን አልፈረሰም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ? በሚቀጥለው ስብሰባ አንስተን እንወስን።