ጭቃ ሳይነኩ ስለ ጭቃ

«ሳይንስም በመጨረሻ አዳም ከጭቃ መፈጠሩን አመነ!» የምትል ወሬ በየጥቂት ዓመቱ ትነሳለች። መነሻዋ ያው ነው። አንድ የውጭ አገር ቤተ ሙከራ ስለ ሸክላ አፈርና ስለ ሕይወት አጀማመር የሆነ ነገር ያወጣል፤ ጋዜጦች አርዕስቱን ያሳምሩታል፤ እኛ ደግሞ አርዕስቱን ብቻ አንብበን እንጣላበታለን። አንዱ «ይኸው፣ ብለናችሁ አልነበር!» ብሎ እልል ይላል። ሌላው «ሊቃውንቱ አያታችሁ ጭቃ ነው አሉ፤ ፈጣሪ ከሥራው ተሰናበተ» እያለ ይስቃል። እኔ ከሁለቱም ጋር ጠብ አለኝ። ሁለቱም ተመራማሪውን ለገዛ ክርክራቸው ምስክር አድርገው ይጠሩታል እንጂ ቃሉን ሊሰሙት አልፈለጉም።

ለመሆኑ ምን ተባለ? (የተመራማሪዎቹን ዓመታት የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። ለንደን ያስተምሩ የነበሩት ሳይንቲስት ጆን ዴዝሞንድ በርናል በ1951 ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ ችግር አንስተዋል። ለሕይወት የሚያስፈልጉት ቅንጣቶች በዚያ ሁሉ ባሕር ተበትነው እንዴት ሊገናኙ ቻሉ? ምናልባት ሸክላ አፈር ገጹ ላይ ይዞ ሰብስቧቸው ይሆናል አሉ። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ግርሃም ኬርንስ-ስሚዝ ከዚያም አለፉ። የመጀመሪያው የዘር መልእክት የተጻፈው በራሱ በሸክላው ማዕድን ውስጥ ነው የሚለውን ደፋር መላ ምታቸውን በ1982 መጽሐፍ አድርገው አወጡት። ይህን ግን እስካሁን በሙከራ ያረጋገጠላቸው የለም።

እጃቸውን ጭቃው ውስጥ ከከተቱት አንዱ በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሬንስለር ፖሊቴክኒክ የነበሩት ኬሚስት ጄምስ ፌሪስ ናቸው። ሞንትሞሪሎናይት የሚባለውን ማዕድን ይዘው ለዓመታት ሠሩ። ማዕድኑ የእሳተ ገሞራ አመድ በውሃ ሲለወጥ የሚገኝ ነው። ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ በጋ የሚሰነጠቀው፣ ክረምት አብጦ እግር የሚይዘው ዋልካችን የዚሁ ቤተሰብ ማዕድናት የሞሉበት ነው። ውስጡ እንደ እንጀራ የተደራረበ ሲሆን ውሃም ሌላም ነገር በድርቦቹ መካከል ይገባል። ፌሪስ የአር ኤን ኤ መሥሪያ ቅንጣቶችን ከዚህ ሸክላ ጋር ሲያገናኙ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተያያዙ። በ1996 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ሸክላውን ደጋግመው እየመገቡ እስከ 50 ገደማ ቅንጣት የሚረዝም ሰንሰለት አገኙ። በ2003 ደግሞ የጃክ ሾስታክ ቡድን፣ ያው ሸክላ የስብ አሲዶች ትናንሽ ከረጢት የሚሆኑበትን ፍጥነት 100 እጥፍ ገደማ እንደሚያሳድግ አሳየ።

ትልቅ ሥራ ነው። ልኩ ግን ይህ ነው። ፌሪስ የተጠቀሙባቸው ቅንጣቶች ለመያያዝ እንዲመቹ አስቀድመው በኬሚስት እጅ የተሰናዱ ናቸው። ሞንትሞሪሎናይት ሁሉም አይሠራም፤ አንዳንዱ ብቻ ነው። ሰንሰለቱም ራሱን አልቀዳም፣ አልበላም፣ አልወለደም። ሕይወት ያለው ነገር ከሸክላ ያወጣ ሰው የለም፤ እነሱም አወጣን አላሉም።

እንግዲህ እልል ያልከው ወዳጄ፣ ምኑን ነው እልል ያልክለት? የሰው ወርቅ አያደምቅ። ተመራማሪ ቃሉን በማስረጃ የሚለውጥ ሰው ነው፤ ክብሩም እዚያ ላይ ነው። ነገ ሸክላውን ትቶ «ባሕር ሥር ያለ ፍል ውሃ ነው» ቢል (እንዲህ የሚሉም አሉ) እምነትህን ልታፈርስ ነው? የምትስቀው ወዳጄ፣ አንተም ብትሆን ያልተባለ ነገር ነው የያዝከው። «እንዴት ተያያዘ?» እና «ማን አደረገው?» ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ፌሪስ የደከሙት ለመጀመሪያው ነው።

የእኔ ንዴት ግን ከዚህም ይሰፋል። ከአፈር መፈጠራችንን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአፉ ያከብራል። አፈር አቡክታ እንስራና ጀበና የምትሠራልንን ሴት ግን «ቡዳ» ስንል ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ኖረ። ምጣዱን እንፈልጋለን፣ ሠሪዋን እንንቃለን። በሳይንሱም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ውጤቱን ለክርክር እንፈልገዋለን፤ አንዲት ሰንሰለት ለማስረዘም ዓመት የሚፈጀውን ድካም ግን አንፈልገውም። ልጆቻችን ኬሚስትሪን በጠመኔ ብቻ፣ አንድ ብልቃጥ ሳይጨብጡ ሲማሩ ዝም እንላለን፤ የፌሪስን ብልቃጥ ግን ለሙግት እንነጥቃለን።

ወሬዋ እንደገና መምጣቷ አይቀርም። ያን ጊዜ እልልታውንም ሳቁንም አቆዩና ሦስት ነገር ጠይቁ። ምን ጨመሩበት? ምን ወጣ? ምን ቀረ? መልሱን ሳትይዙ ለልጆቻችሁ «ሳይንስ አረጋገጠ» ብላችሁ አትንገሯቸው። ይልቅ የጓሮውን ዋልካ ቆፍረው ውሃ ያፍስሱበትና ሲያብጥ ይዩት፤ ቢያንስ እጃቸው ጭቃ ይነካል።