ቤት ዳግም ይዳኛል፣ ሰውስ?

«በሕግ አምላክ» ሲባል ባለበት የሚቆም ሕዝብ ነን እያልን እንኮራለን። ሕጉስ ሲጠሩት ይቆማል?

በቤት ክርክር ተሸንፈን፣ በኋላ የባላጋራችን ሰነድ ፎርጅድ ሆኖ ቢገኝ፣ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 6 «ዳግም ዳኝነት ጠይቁ» ይለናል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን በሐሰት ምስክር ዕድሜ ልክ ለተፈረደበት ሰው እንዲህ ያለ በር አልከፈተም። ይግባኝማ አለ፤ ማስታወቂያው በ15 ቀን ይግባ ይላል። (ውሸታም ምስክር በ15 ቀን ይጸጸታል መሰላቸው!)

ጃፓናዊው ቦክሰኛ ኢዋኦ ሃካማዳ እ.ኤ.አ. በ1968 ሞት ተፈረደበት። ይግባኙ በ1980 ተዘጋ። በደም የተነከረ ልብሱ ነው የተባለው ማስረጃ የተፈበረከ መሆኑን ፍርድ ቤት አምኖ በነጻ ያሰናበተው በ2024 ነው፤ በ88 ዓመቱ። ያዳነው ይግባኝ ሳይሆን ዳግም ዳኝነት ነው።

«ፍርድ መቋጫ ይኑረው» የሚሉን የሕግ ሰዎች አሉ። የቤቱ ክርክር መቋጫ አያስፈልገውም ነበር? «ይቅርታ ጠይቁ» የሚሉንም አሉ። ላልሰረቅነው በግ?