ሪሴት መጫን ጥገና አይባልም

የሙቀቱ ወራት በገባ ቁጥር ከድሬዳዋ እስከ ሰመራ፣ ከጋምቤላ እስከ አዲስ አበባ፣ በባንኮች፣ በሆቴሎችና በሆስፒታሎች ጣሪያ ላይ አንድ ታሪክ ይደጋገማል። ቀትር ላይ አየር ማቀዝቀዣው ይቆማል፤ ባለሙያ ይጠራል፤ ባለሙያውም የከፍተኛ ግፊት ማቋረጫውን ሪሴት ተጭኖ ይወርዳል፤ ማሽኑ ተነሥቶ በማግስቱ በዚያው ሰዓት መልሶ ይቆማል። ይህ ሦስት አራት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ የማቋረጫው ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ታስረው «ዳይሬክት» ይደረጋሉ፤ ከዚያ ወዲያ ማሽኑን የሚያቆመው የኮምፕረሰሩ መቃጠል ብቻ ይሆናል። ይህ ጋዜጣ ድርጊቱን ጥፋት ብሎ ይጠራዋል፤ የጥፋቱም ትልቁ ድርሻ ጣሪያ ላይ ከወጣው ባለሙያ ይልቅ ቢሮ ተቀምጦ ባዘዘው ላይ እንደሚያርፍ ያምናል።

የነገሩ ሥር የተሰወረ አይደለም። አየር ማቀዝቀዣ ሙቀትን ከቤት ውስጥ ተሸክሞ ደጅ የሚያራግፍ መሣሪያ ነው፤ የሚያራግፈውም በኮንደንሰሩ በኩል ስለሆነ፣ ኮንደንሰሩ ሙቀቱን መጣል ባቃተው መጠን በውስጡ ያለው ጋዝ ግፊት ይወጣል። በብዙ ሕንፃዎች የሚሠራበት አር 410ኤ የተባለው ጋዝ፣ የውጭው አየር 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ቀን በጤናማ ማሽን ውስጥ 50 ዲግሪ አካባቢ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል፤ ግፊቱም ወደ 430 ፒኤስአይ ይጠጋል። ማቋረጫው ግን በአብዛኛው የሚቆርጠው ግፊቱ 600 ፒኤስአይ ደርሶ ሲያልፍ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ «ሙቀቱ ነው» ብሎ መመለስ፣ ከምርመራ ለመሸሽ የተበጀ ማመካኛ ነው።

ለመመርመር የሚፈቅድ ሰው ምክንያቱን ያገኘዋል። በየአቅጣጫው ከሚነሣው የግንባታ አቧራ የተነሣ የኮንደንሰሩ ክንፎች ይደፈናሉ፤ ኮንደንሰሩ ባለ ሁለት ረድፍ ሲሆን ደግሞ ቆሻሻው በረድፎቹ መካከል ስለሚደበቅ፣ ከውጭ ንጹሕ የሚመስለው ማሽን ውስጡ ታፍኖ ይገኛል። በባለሦስት ፌዝ ሞተር ላይ ሁለት መስመሮች ተቀያይረው ሲታሰሩ ፋኑ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ለሚያየው ይሠራል፣ አየሩን ግን እንደሚገባው አይገፋም። ለሕንፃው ውበት ሲባል በግድግዳ የተከበበ ማሽን የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ጋዝ በሚዛን መሆኑ ቀርቶ በግምት ሲሞላ ትርፉ ኮንደንሰሩን ያጥለቀልቃል። ቫኪዩም ሳይደረግ ሲሞላ ደግሞ አየር በውስጡ ይቀራል፤ አየር በማሽኑ ሙቀት ፈሳሽ መሆን የማይችል ነውና ግፊት ከመጨመር በቀር አገልግሎት የለውም። ይህን የመጨረሻውን ለማወቅ ማሽኑን አጥፍቶ፣ ኮንደንሰሩ ከውጭው አየር ጋር እስኪስተካከል ታግሦ ጌጁን ማንበብ ይበቃል፤ በ25 ዲግሪ አር 410ኤ ወደ 225 ፒኤስአይ ማሳየት ሲገባው ከዚያ እጅግ ካለፈ፣ ውስጡ ባዕድ አየር አለ። የሚጠይቀው አንድ ጌጅ፣ አንድ ቴርሞሜትርና ጥቂት ትዕግሥት ነው።

የአዲስ አበባ ነገር ለብቻው መነሣት ይገባዋል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ይህ ሳይታሰብ ለባሕር ወለል በተጻፈ የካታሎግ ቁጥር የተገዛ ማሽን፣ ቀዝቃዛው የከተማዪቱ አየር ጉድለቱን ለጊዜው ቢሸፍንለትም፣ አቧራ ሲጨመርበት ይጋለጣል። ያን ጊዜ የሚወቀሰው ጠጋኙ ነው፤ የግዢውን ዝርዝር ያዘጋጀው ክፍል ስሙ አይነሣም።

የጥገና ውላችን ራሱ ይህን ሁሉ ይጋብዛል። ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበ የሚሰጥና በምልልስ ቁጥር የሚከፈልበት ውል፣ ግማሽ ቀን ወስዶ ኮንደንሰር የሚያጥበውን፣ ጋዙን አውጥቶ በሚዛን መልሶ የሚሞላውን ባለሙያ ሰነፍ ያስመስለዋል፤ በአሥር ደቂቃ ሪሴት ተጭኖ የወረደውን ያስመሰግነዋል። ዘበኛው ሌባ አይቶ ሲጮህ አፉን ማፈን ይሏል እንዲህ ነው። ማቋረጫው የተተከለው ቱቦ እንዳይፈነዳ፣ ኮምፕረሰር እንዳይቃጠል፣ በአቅራቢያው የቆመ ሰው እንዳይጎዳ ነውና፣ እርሱን ዳይሬክት የማድረግ ሥልጣን ለሕንፃ አስተዳዳሪም ሆነ ለባለንብረት አልተሰጠም።

ጉዳዩ ከሕንፃው አጥር አልፎ አገርን ይነካል። ግፊቱን ለማርገብ በሚል ሰበብ ጋዝ ወደ አየር የሚለቀቅበት ልማድ አለ። ኢትዮጵያ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኦዞን ንጣፍን ለመጠበቅ የወጣው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል አባል ናት፤ በፕሮቶኮሉ መሠረት ታዳጊ አገሮች አር 22ን የመሳሰሉ ጋዞችን ፍጆታ ከ2025 ጀምሮ በ67.5 በመቶ እንዲቀንሱ፣ በ2030ም ለነባር ማሽኖች ጥገና ከሚፈቀደው ጥቂት በቀር እንዲያቆሙ ይጠበቃል። የኦዞን ንጣፍን የማይጎዳው አር 410ኤም ቢሆን ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ2,000 እጥፍ በላይ ኃይል አለው። ጋዙን በማውጫ ማሽን ወደ ሲሊንደር መሰብሰብ እየተቻለ አየር ላይ መልቀቅ፣ አገር በፊርማዋ የገባችውን ቃል በጣሪያ ላይ ማፍረስ ነው።

ስለዚህ የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊነት የተጣለባቸው አካላት ጋዝ የሚነካ እጅ ሁሉ የብቃት ማረጋገጫ ያለው መሆኑን እንዲያጣሩ፣ የቴክኒክና ሙያ ተቋማትም ጋዝ መሙላትን ከማስተማር አስቀድመው መመርመርን እንዲያስተምሩ እንጠይቃለን። ከባለንብረቶችና ከመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የምንጠብቀው ግን ከዚህ የቀረበ ነው። በእያንዳንዱ ማሽን አጠገብ፣ ማቋረጫው በቆረጠ ቁጥር ቀኑ፣ የውጭው ሙቀት፣ የጌጁ ንባብና የተገኘው ምክንያት የሚጻፍበት መዝገብ ይኑር፤ ምክንያቱ ሳይጻፍም ሪሴት አይጫን። በውጭ ምንዛሪ አዲስ ኮምፕረሰር ይገዛ የሚል ጥያቄ ሲቀርብ፣ ፈራሚው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ይህን መዝገብ ያስቀርብ፤ መዝገብ ሳይኖር የተፈረመ ግዢ ዕዳው በፈራሚው ላይ ሊቆጠር ይገባል።