ፈጥኖ ሙያ መያዝ ወይስ ጠልቆ መማር? የደሴ ሙግት

ዓላማው ይቅደም

ትምህርት ኑሮን የሚያሻሽለው መድረሻው አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። በደሴ ይህ ጉዳይ አጣዳፊ የሚሆነው 12ኛ ክፍልን በጨረሰው ወጣት ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. አገር አቀፉን ፈተና ከወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለቀሩት የዩኒቨርሲቲው በር በቀጥታ አልተከፈተም፤ የቤት ኪራይና የታናናሾች ደብተር ግን ቀን አይሰጥም።

ከደሴ ፒያሳ ተነሥቶ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል የወረደ ኮምቦልቻ ይደርሳል። በዚያ የቆየ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። ስፌት፣ ብየዳ ወይም የኤሌክትሪክ ዝርጋታ በወራት ተይዞ ገቢ ያስገኛል። መድረሻውን ያወቀ ተማሪ የቱን አጥብቆ መያዝ፣ የቱን ለጊዜው ማቆየት እንዳለበት ይለያል። ጥልቀቱም ከሥራው ጋር ይመጣል፤ ልብስ ሰፊ ልኬትን የሚያውቀው የሰው ጨርቅ ሲቆርጥ ነው። ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ የሚረዝም ትምህርት ግን ዕዳው የቤተሰብ ነው።

ጥልቀቱ ይቅደም

የፈተናው ውጤት ሌላም ነገር ይናገራል። እነዚያ ተማሪዎች 12 ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የጎደላቸው በቅጡ የተረዱት ትምህርት ነው። በዚያ ጉድለት ላይ የሚደረብ የወራት ሥልጠናም መሠረት አያገኝም።

ጠባብ ሙያ ዕድሜው የፋብሪካው ዕድሜ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ኮምቦልቻ ሲደርስ ፋብሪካዎች ተዘረፉ፤ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የአጎዋ ገበያ ታገደች። አንድ ስፌት ብቻ የለመደች ሠራተኛ የማምረቻ መስመሩ ሲቆም ባዶ እጇን ትቀራለች። ንድፍ ማውጣትና ወጪ ማስላት የምታውቅ ግን ሙያዋን ይዛ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ትችላለች።

ደሴ ያለችበት ወሎ ጥልቀትን ከጥንት ያውቃል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደሴ በስተ ሰሜን ያለውን ሐይቅ እስጢፋኖስን ትልቅ የትምህርት ቦታ አድርገውታል። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል፤ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም አይችልም፤ የሌላውን ሸምድዶ ማቅረብም እንደ ዕውቀት አይቆጠርለትም። የእስልምና ትምህርት ተማሪው ደረሳም ፊቅሁን (ሕጉን) ከአንዱ ሸኽ፣ ነህዉን (የዐረብኛ ሰዋስዉን) ከሌላው ለመቅራት በእግሩ ይጓዝ ነበር። ትምህርቱ የረዘመው ዓላማ ስለጠፋ አልነበረም፤ ማስተማር የሚችል ሰው እንዲወጣ ነው።

እንዲህ ያለ ትምህርት ዓመታት ይፈጃል፤ ቤተሰብ ብቻውን አይችለውም የሚለው ክርክርም እውነት ነው። የቆሎ ተማሪና ደረሳ ግን በቤተሰብ ስንቅ ብቻ አልተማሩም፤ የመንደሩ ሰው ከማዕዱ ያካፍላቸው ነበር፤ ረሀቡና የውሻው ንክሻም እንዳለ ሆኖ። ዛሬም ወጪውን ከተማውና አሠሪው ሊጋሩት ይገባል፦ ቀን በስፌት መኪና ላይ ለሚውል ወጣት ማታ ሒሳብና ቋንቋ ከሥሩ የሚማርበት ክፍል፣ የትራንስፖርቱም ወጪ ጭምር።