«እማዬ አታውቅም፤ ልንገራት ወይስ ልደብቃት?»

የዛሬው ደብዳቤ ሳቅ የለበትም። አንብቤው ሁለት ቀን ሙሉ ከኪሴ አላወጣሁትም። የላከችው የ24 ዓመት ወጣት ስትሆን፣ ስሟ እንዳይጠቀስ አደራ ብላለች። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴና ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው የምኖረው። እማዬ ከታመመች ሰባት ወር ሆናት። ካንሰር ነው። ሐኪሞቹ ወንድሜን ለብቻው ጠርተው ‹ከእንግዲህ ቤት ትረፍ› አሉት። እሱ ግን ለእማዬ ‹ጨጓራ ነው፣ ይሻልሻል› አላት። እኔንም ትንፍሽ እንዳትይ ብሎ አስምሎኛል። እሷ ማታ ማታ እጄን ይዛ ‹ምን አሉ?› ትለኛለች። እዋሻታለሁ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቅሳለሁ። እዚህ ጎረቤት አላውቅም፤ እድራችን ያለው የድሮ ሰፈራችን ነው። ስልኬን ስጎረጉር ውጭ አገር ‹የሞት ዱላ› የሚባሉ ሰዎች እንዳሉ አየሁ። ለወንድሜ ብነግረው ‹ደግሞ በዱላ ልታስጨርሻት ነው?› አለኝ። እነዚህ ሰዎች ምንድን ናቸው? እኛ አገርስ አሉ? ለእማዬስ ምን ልበላት?»

እኅቴ፣ በመጀመሪያ ዱላውን እናስቀምጠው። ቃሉ የኛው ዱላ አይደለም፣ ከግሪክ የመጣ ነው። የምታገለግል ሴት ማለት ነው። ፈረንጆቹ ምጥ ላይ ያለችን ሴት አጠገቧ ሆና ለምታበረታታ ሴት ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ኒው ዮርክ ውስጥ ሄንሪ ፈርስኮ ዋይስ የተባለ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ‹ሰው ሲመጣ እንዲህ የሚቀበለው ካለ፣ ሲሄድስ ለምን የሚሸኘው አይኖርም?› በሚል ሐሳብ በጎ ፈቃደኞችን ማሠልጠን ጀመረ። የሞት ዱላ የሚባሉት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው።

መርፌ አይወጉም፣ መድኃኒት አያዙም። ሥራቸው ከበሽተኛው አጠገብ መቀመጥ ነው። ምን እንደሚያሳስበው፣ ማንን ማየት እንደሚፈልግ፣ ምን አደራ እንዳለው ይጠይቁታል። ቤተሰቡ ሲደክመው ተክተው ያድራሉ። የመጨረሻው ሰዓት ሲደርስ ምን እየሆነ እንደሆነ ለቤተሰቡ ያስረዳሉ። ከቀብር በኋላም ይመለሳሉ። ይኸው ነው!

እኛ አገርስ? በዚህ ስም ተሰይማ ቢሮ የከፈተች ሴት አላውቅም። ሥራው ግን አዲሳችን አይደለም። ስለ አንድ ጎበዝ ልጅ ስናወራ «አባቱን አስታሞ ቀበረ» እንል የለ? መቅበሩ ብቻውን አያስመሰግንም፤ «አስታሞ» የሚለው ነው ክብሩ። አስታማሚ የሚል ቃል እያለን ዱላ መዋስ አያስፈልገንም።

ችግሩ ወዲህ ነው። ከሞት ወዲያ ያለውን እኛ እናውቅበታለን። ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ክርስቲያኑ ሰልስቱን፣ አርባውን፣ ሰማንያውን፣ ሙት ዓመቱን ይቆጥራል። እስላሙ ጀናዛውን አፋጥኖ ለታዚያ ይቀመጣል። አዲስ አበባ እድር አላት፣ ወሎ ቅሬ አለው፣ ሐረር አፎሻ አላት። ድሮ ደግሞ ሙሾ አውራጇ ነበረች፤ የሟቹን ደግነት፣ ሙያውን፣ ያላየለትን ወግ ማዕረግ እያነሳች የቤተሰቡን ዕንባ ታወጣው ነበር። ሐዘን ሆድ ውስጥ እንዳይቀር የሚያደርግ ሙያ ነው ያ! ዛሬ በከተማው ቦታዋን የያዘው በወረቀት የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ነው።

ከሞት ወዲህ ያለውስ? እድራችን ለሞተው እንጂ ለሚሞተው አልተደራጀም። ደህና፣ አንድ ጊዜ ሞክሮት ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ኤድስ ቤቱን ሁሉ ሲያንኳኳ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ እድሮች «ቀብረን አልቻልንም፣ በቁሙ እንርዳው» ብለው ተነሱ። በሽተኛ በየቤቱ እየዞሩ የሚያጥቡ፣ የሚያበሉ፣ የሚያጫውቱ ሰዎች ወጡ። እነዚያ ሴቶች ማንም ዱላ አላላቸውም እንጂ ሥራው ያው ነበር።

አሁን ኮዬ ፈጬን እንይ። አንዱ የመጣው ከቂርቆስ ነው፣ አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ተከራይ ነው፣ ሌላው እዚያው አካባቢ ተወልዶ ያደገ ነው። አንድ ደረጃ እየወጣን እየወረድን ስም አንጠያየቅም። ድሮ ሰፈር ሰው ታሞ ከዋለ ጭስ ባለመውጣቱ ይታወቅ ነበር። እዚህ በሩ ብረት ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚያቃስተውን አንደኛ ፎቅ ያለው አይሰማም። እድሩ የሚደርሰው አስከሬኑ ደረጃውን ሲወርድ ነው። ለዚህ ነው ያንቺ ቧንቧ ከፍቶ ማልቀስ ያንቺ ብቻ ያልሆነው።

ላጫውትሽ። እኔም አባቴን ያጣሁት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። እሱም እንደ እናትሽ አልተነገረውም። ጠዋት ጠዋት ተራ በተራ እየገባን «ዛሬ ፊትህ ጥሩ ነው» እንለዋለን። ዝም ይላል። አንድ ቀን ከታችኛው ፎቅ አንዲት ባልቴት ሊጠይቁት መጡ። ስለ ፊቱ ምንም አላሉም። ወንበር ስበው ጠጋ አሉና «ወንድሜ፣ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳህ የምታስበው ምንድን ነው?» አሉት።

አባቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አልማሪው ውስጥ ሁለት የደንበኛ ጨርቅ አለ። ሳልሰፋው የሰው ዕቃ ይዤ እንዳልሞት ነው።»

እንግዲህ ለካ እሱ ሁሉን ያውቅ ኖሯል! እኛ ፊቱን ስናሞግስ እሱ ጨርቁን ያስባል። በማግሥቱ ጨርቆቹን ከነቀብዱ ለባለቤቶቹ መለስን። የዚያን ቀን ማታ መኪናውን ለማን እንደሚሰጥ፣ የት እንደሚቀበር ነገረን፣ ቀልድም ቀለደ። ከዚያ አሥራ አንድ ቀን ቆየ። ከሕመሙ ሁሉ የማስታውሳቸው እነዚያን አሥራ አንድ ቀናት ነው። ባልቴቷ ባይጠይቁት ኖሮ አናገኛቸውም ነበር።

በሐዘኑ ጊዜም እንዲሁ። ድንኳኑ ሲነቀል ሰዉ ሁሉ ወደ ሥራው ሄደ። እሳቸው ግን እስከ ሰማንያው ድረስ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ይመጣሉ። «አይዟችሁ፣ በቃ አታልቅሱ» አይሉም። ቡና አፍልተው ስለ አባቴ ወሬ ይጀምራሉ፣ እኛ እንጨርሰዋለን።

ወዳንቺ ልመለስ። ምን ልበላት ላልሺው፣ ሄደሽ «ልትሞቺ ነው» በያት አልልሽም። እሷ እየጠየቀችሽ አይደል? እጅሽን ይዛ «ምን አሉ?» ስትልሽ፣ አንቺም መልሰሽ «እማዬ፣ አንቺስ ምን ይመስልሻል? ማወቅ የምትፈልጊውን ጠይቂኝ፣ አልዋሽሽም» በያት። ማወቅ ከፈለገች ትገፋበታለች፤ ካልፈለገች ወሬ ትለውጣለች። መንገዱን እሷ ትምራ። ይህን ከማድረግሽ በፊት ግን ከወንድምሽ ጋር ተቀመጡ። እሱም ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚባለው ለበሽተኛው ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ለአስታማሚውም ይሠራል። ካስፈለገ ሐኪሙ ባለበት ይነገራት።

ሕመሟን ደግሞ «ቻይው» አትበሏት። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲሲሊ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ሆስፒስ ስትከፍት ያስተማረችው፣ የሚሞት ሰው ሥቃይ አራት ጎን እንዳለው ነው፤ የአካል፣ የአእምሮ፣ የኑሮና የመንፈስ። ለአካሉ ሥቃይ መድኃኒት አለው። የሚዋጥ ሞርፊንም አለ፣ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። እኛም አገር ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል ድርጅት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በሲስተር ፅጌረዳ ይስፋወሰን የተመሠረተ ሲሆን፣ ነርሶቹ በአዲስ አበባ በሽተኛው ቤት ድረስ እየሄዱ ሲያስታምሙ ኖረዋል። እናትሽ የምትታከምበት ሆስፒታል «የሕመም ማስታገሻ ክትትል የት ይሰጣል?» ብለሽ ጠይቂ፤ ወደሚሰጥበት ይምሯችሁ።

የድሮ እድራችሁን ሴቶች አሁን ጥሪያቸው፣ ጡሩምባውን አትጠብቂ። የንስሐ አባቷም ቢሆኑ ለፍትሐት ብቻ አይደሉም፣ በሕይወት እያለች ይምጡላት። ለሌሊቱ ተራ አውጡ፤ ብቻሽን ሰባት ወር ማደር አይቻልም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። የጎረቤትሽንም በር አንኳኪ። «እናቴ ታማለች» ማለት ነውር አይደለም። እዚያው ሰፈር አዲስ እድር ካለ ደንቡን አሁን ጠይቁ፤ መመዝገቢያ ከፍለሽ ጊዜ ሳይሞላ ሙሉ አገልግሎት የማይሰጥም አለና።

የመጨረሻዎቹ ቀናት ሲመጡ አትደንግጪ። እንቅልፍ ይበዛባታል፣ ምግብ ትተዋለች፣ እጅና እግሯ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሿ ቆም እያለ ይመለሳል። «ትንሽ ቅመሺ» ብላችሁ አፏ ውስጥ ውኃ አትጨምሩ፣ ትን ሊላት ይችላል። ከንፈሯን በርጥብ ጥጥ አርጥቡላት። ዓይኗ ቢከደንም ልትሰማ ትችላለችና እጇን ይዘሽ አጫውቻት። የምትወደው መዝሙር ካለ በዝግታ ይከፈት። በአጠገቧ ስለ ድንኳን ኪራይ አይወራ!

አንቺም ከዚያ በኋላ አልቅሺ። ቧንቧ ሳትከፍቺ። ወራት አልፈው እንቅልፍና ምግብ አልመለስ ካለ፣ ወይም መኖር ካስጠላሽ ግን ለሰው ንገሪና ሐኪም ዘንድ ሂጂ። አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ እብደት አይደለም።

እናንተ የኮዬ፣ የቱሉ ዲምቱ፣ የየኮንዶሚኒየሙ ወጣቶች ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ «ይሄ የሽማግሌ ነገር ነው» ብላችሁ አትቅሩ። እጃችሁን አውጡና «ድንኳንና ወንበር አለን፤ ለታመመ ሰው የምናድርበት ተራስ የት አለ?» በሉ። ገንዘብ አይጠይቅም። ከአንድ ብሎክ አራት ሰው ቢገኝ ይበቃል።

እኅቴ፣ ዛሬ ማታ እናትሽ እጅሽን ስትይዝ ምን እንደተባባላችሁ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ። እስከ ሳምንት ቸር ያሰንብተን!