የዋግ ልጅ ያጠረው በዘሩ አይደለም፤ ቆጠራው ከሠርጉ በፊት ይጀምር



በውስጥ መስመር ተደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ። አንዳንዱ በትክክል ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ታወቀ ነገር አድርጎ ይነግረኛል፦ «ዶክተር፣ የሰቆጣና የዋግ ኽምራ ልጆች ቁመታቸው የሚያጥረው የ77ቱ ረሃብ ዘራቸው ውስጥ ስለገባ ነው አይደል? ታዲያ አሁን ምን ይደረጋል?»

ይህ አባባል ውስጡ እውነት አለው። እኔን የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው፤ ትንሿ እውነት ትልቅ ተስፋ መቁረጥ ተሸክማ ነው የምትገባው። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ጠለቅ ብለን እንየው። ቡናችሁን ያዙ።

ዘረመል የምንለው በዲኤንኤ ላይ በአራት ኬሚካላዊ ፊደላት የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ረሃብ እነዚህን ፊደላት አይፍቅም፣ አይለውጥም። ከፊደሉ በላይ ግን ሌላ ጽሑፍ አለ። ድጓ ገልጣችሁ ካያችሁ፣ ከቃሉ በላይ የተቀመጡትን ጥቃቅን የዜማ ምልክቶች ታስታውሳላችሁ። ቃሉ ያው ነው፤ የት ከፍ፣ የት ዝቅ፣ የት ረዘም እንደሚል የሚናገረው ምልክቱ ነው። ዲኤንኤም ምልክት አለው። «ሲ» የሚባለው ፊደል ከ«ጂ» በፊት ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ ሜቲል የምትባል ትንሽ ኬሚካል ትለጠፍበታለች። አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን፣ በቃ ይህችው ናት።

የዜማ ምልክት የሚያነበው መሪጌታ ከሌለ ምንድን ነው? ጭረት ነው። ሜቲልም ብቻዋን ብዙ አትሠራም፤ አንባቢ ትፈልጋለች። ሜቲል ያለበትን ዲኤንኤ እየፈለጉ የሚይዙ ፕሮቲኖች አሉ። ከእነሱ ዋነኛው ሜክፒ2 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በስኮትላንድ ኤድንብራ የፕሮፌሰር አድሪያን በርድ ቡድን ነው ያገኘው። ይህ ፕሮቲን በአንድ እጁ ሜቲሏን ይይዛል፣ በሌላው ረዳቶቹን ይጠራል። ዲኤንኤ በሰውነታችን ውስጥ እንደ ፈትል በእንዝርት ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ የተጠመጠመ ነው። የተጠሩት ረዳቶች ሂስቶኖቹ ላይ ያለውን አሴቲል የሚባል ኬሚካል ይነቅላሉ፤ ያኔ ፈትሉ ይጠብቃል፣ ዘረመሉን የሚያነቡት መሣሪያዎች መግባት ያቅታቸዋል፣ ዘረመሉም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይጠፋም፤ ይቀንሳል እንጂ።

አንባቢው ሲጎድል ምን እንደሚሆን በሕክምና እናውቀዋለን። የሜክፒ2 ዘረመል ሲበላሽ ሬት ሲንድረም የሚባል በሽታ ይመጣል፤ ይህን ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳየው በአሜሪካ ቴክሳስ የዶ/ር ሁዳ ዞግቢ ቡድን ነው። ሕፃኗ (አብዛኛዎቹ ሴቶች ናቸው) እስከ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም እስከ ዓመት ተኩል ደህና ታድጋለች። ከዚያ የጀመረችውን ንግግር ትተዋለች፣ በእጇ መያዝ ያቅታታል፣ እጆቿን እንደሚታጠብ ሰው ደጋግማ ታሻሻለች። እዚህ ላይ ወላጆችን የምለምነው አንድ ነገር አለ። እንዲህ ያለ ልጅ ስታዩ «ዓይን በላት» ብሎ ቤት ዘግቶ ማስቀመጥ ይብቃ፤ ጸበሉንም ጸሎቱንም ሳትተዉ ወደ ሕፃናት ሐኪም ውሰዷት። የእናት ጥፋትም አይደለም። ሬት ከእናት ምግብ ጋር ግንኙነት የለውም፣ አብዛኛውን ጊዜም ከቤተሰብ የሚወረስ ሳይሆን አዲስ የሚከሰት ነው።

ወደ ረሃቡ እንመለስ። ሜቲል ከየት ትመጣለች? ከምግብ ነው። ፎሌት (ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ጎመን ውስጥ ያለው ቪታሚን)፣ ቢ12 (ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ በበቂ የሚገኘው) እና ከፕሮቲን የምናገኘው ሜቲዮኒን ተቀባብለው ነው የሚያቀርቧት። ስለዚህ ገና ሲፀነስ የእናቱ ሰውነት ባዶ ከሆነ ምልክቱ ሊዛባ ይችላል። በሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1944–45 ክረምት በጦርነቱ ምክንያት ከባድ ረሃብ ገብቶ ነበር። በዚያ ወቅት የተፀነሱ ሰዎች ወደ ስድሳ ዓመት ሲጠጉ ተመረመሩ፤ ለዕድገት በሚያገለግለው አይጂኤፍ2 ዘረመል ላይ የሜቲል ምልክታቸው ረሃቡ ካልነካቸው እህት ወንድሞቻቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ረሃቡ በእርግዝናቸው መጨረሻ የደረሰባቸው ሰዎች ላይ ግን ይህ ልዩነት አልታየም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወሳኟ ጊዜ የመፀነሻው ሰሞን ናት። በጋምቢያ ገጠርም ልጁ የተፀነሰው በዝናብ ወቅት ነው ወይስ በደረቁ የሚለው፣ ማለትም እናቱ በዚያ ሰሞን የበላችው፣ በልጁ ዲኤንኤ ምልክት ላይ ልዩነት እንደሚያመጣ ታይቷል።

ከእኛም አገር ቅርብ ማስረጃ አለ። በዋግ አጎራባች በሰሜን ወሎ፣ ራያ ቆቦ፣ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ማህፀን ውስጥ የነበሩ ሰዎች አድገው ሲጠኑ የማስታወስና የማሰብ ችሎታ ምዘና ውጤታቸው ካልተነኩት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ ረሃብ አሻራ አይተውም የሚል ካለ ተሳስቷል።

አሻራ ግን ዕጣ ፈንታ አይደለም። የሆላንዱ ልዩነት በመቶኛ ሲታይ ትንሽ ነበር። በፅንሱ መጀመሪያ ላይም አብዛኛው የሜቲል ምልክት ተጠርጎ እንደ አዲስ ይጻፋል። የዛሬው የዋግ ልጅ ቁመት የሚያጥረው አያቱ ስለተራቡ ነው ብሎ የሚደመድም ሰው የዛሬዋን እናት መሶብ ሳያይ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው፣ በአማራ ክልል 46 በመቶው ቀንጭረው ነበር። ይህን ያህል ሕፃን በአሮጌ ምልክት ብቻ አይቀነጭርም፤ የዛሬ ምግብ፣ የዛሬ ውኃና የዛሬ ተቅማጥ አለበት። (በነገራችን ላይ «ዲኤንኤ የሚያጸዳ» ብለው በቴሌግራም ቪታሚን የሚሸጡላችሁን አትመኑ። የትኛውን ምልክት እንደሚያነሱ ራሳቸውም አያውቁም።)

እንግዲህ ወደ ዋናው ሐሳቤ። መንግሥት ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ሲነሣ ስሙን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ያለው በከንቱ አይደለም። ሥራው የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ ባሉ 40 ወረዳዎች ነው። ጥሩ ጅምር ነው፤ ስሙ የሚገባው አካባቢም ነው። ቆጠራው የተመሠረተው ግን «በመጀመሪያዎቹ 1000 ቀናት» ላይ ነው፣ ማለትም ከእርግዝና ጀምሮ። በእኔ እምነት ይህ ዘግይቷል።

የአካባቢውን የጊዜ አቆጣጠር እስኪ አብረን እናስብ። ሠርግ በጥር ነው። ሙሽሪት ገና ቤቷን ሳትለምድ ዐቢይ ጾም ይገባል፣ 55 ቀን። ፋሲካ ዋለ ሲባል ጎተራው መሳሳት ይጀምራል፤ ከሰኔ እስከ አዲሱ እህል ድረስ ደግሞ ዋና የችግር ወራት ናቸው። የመጀመሪያው ልጅ የሚፀነሰው ብዙ ጊዜ በዚህ መሀል ነው። የፅንሱ የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ያኔ ሙሽሪት የወር አበባዋ መቅረቱን ገና እየቆጠረች ነው። ጤና ጣቢያ ሄዳ የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል የምትቀበለው ሆዷ ከገፋ በኋላ ነው። እንክብሏ ለደም ማነስ ትጠቅማለች፤ ስፓይና ቢፊዳን ለመከላከል ግን ጊዜው አልፏል።

«የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ ተወስኖ የለ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። ያ ዱቄት የሚደርሰው ከፋብሪካ ለሚገዛ ነው። ዝቋላና አበርገሌ ላይ ማሽላዋን በሰፈር ወፍጮ የምታስፈጭ እናት ዘንድ አይደርስም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው፦ ፎሊክ አሲድ ከሠርግ ጋር ይያያዝ። ሙሽሮች ከጋብቻ በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ እንደሚያደርጉ ሁሉ፣ በዚያው ቀን ሙሽሪት የፎሊክ አሲድ እንክብሏን ይዛ ትውጣ። ወጪው ትንሽ ነው፣ ጤና ጣቢያው አለ፣ ቀኑም ይታወቃል።

ለማርገዝ ለምታስቡ እህቶቼ፦ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምራችሁ እስከ ሦስተኛው የእርግዝና ወር በቀን 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ውሰዱ። ፋርማሲ ውስጥ የ5 ሚሊ ግራሙም አለ። እሱ ቀደም ሲል ስፓይና ቢፊዳ ያለበት ልጅ ለወለደች ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ ነው፣ ያውም በሐኪም ትእዛዝ። የሚጥል በሽታ መድኃኒታችሁን ግን ለእርግዝና ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። የምትጾሙ ከሆነ ምስርና ባቄላው ፎሌት ይሰጣችኋል፣ ቢ12 ግን አይሰጥም፤ ነፍሰ ጡር ስለሆናችሁ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። ባሎችም አንድ ነገር ልበላችሁ፦ ቤት ያለችው ዶሮ የጣለችውን እንቁላል ሁሉ ገበያ አትስደዱት፣ ጥቂቱ እቤት ይቅር።

ሰቆጣ፣ ደሃና ወይም ጋዝጊብላ የምትሠሩ የጤና ባለሙያዎች ካላችሁ፣ ለሙሽሮች ፎሊክ አሲድ መስጠት የጀመረ ጤና ጣቢያ ታውቁ እንደሆነ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ።