ተዘጋጅቶ የመጣ ዜና

ማታ ከቤተሰባችሁ ጋር ሆናችሁ የምትሰሙትን ዜና ማን እንደጻፈው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? «ጋዜጠኛው ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ጋዜጠኛው የሠራው ነገር ቢኖር ፖስታ መክፈት ነው። ኩባንያዎች ጽሑፉን፣ ፎቶግራፉን፣ የኃላፊውን ንግግር፣ የተቀናበረ ፊልም ሳይቀር አሰናድተው ይሰጡታል። ለእሱ የሚቀርለት ስሙን ማስፈር ብቻ ነው።

«ሳሙና ቢያስተዋውቁበት ምን ጉዳት አለው?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ በሳሙና ቢያበቃ ምንኛ በወደድን!

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 1990 ናይራ የተባለች የ15 ዓመት ልጅ በአሜሪካ የምክር ቤት አባላት ፊት እያለቀሰች መሰከረች። የኢራቅ ወታደሮች በኩዌት ሆስፒታል ጨቅላ ሕፃናትን ከማሞቂያ ሣጥን አውጥተው ቀዝቃዛ ወለል ላይ ሲጥሉ አየሁ አለች። መድረኩን ያሰናዳው ሂል ኤንድ ኖልተን የተባለ የሕዝብ ግንኙነት ኩባንያ ነበር፤ ገንዘቡ በአብዛኛው የኩዌት መንግሥት ነው። ኩባንያው ምስክርነቱን በራሱ ካሜራ ቀርጾ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች አደለ። እነሱም እንደ ዜና አሰራጩት። ፕሬዚዳንት ቡሽም ታሪኩን ደጋግመው አነሱት። በጃንዋሪ 1991 ጦርነቱ ተከፈተ። ልጅቷ በዋሽንግተን የኩዌት አምባሳደር ልጅ መሆኗን ሕዝብ ያወቀው ግን በጃንዋሪ 1992 ነው! ታሪኩን አስተጋብቶ የነበረው አምነስቲ ኢንተርናሽናል እንኳ በ1991 አጣርቶ አስተማማኝ ማስረጃ እንዳላገኘ አስታውቋል።

ኩዌትን መውረር ግፍ ነበር፤ ይህ አያከራክርም። እውነተኛ ግፍ ታዲያ የተሰናዳ ምስክር ምን ያደርግለታል?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬን እንድናጣራ ያዘዘው ባለማወቅ ሰዎችን እንዳንጎዳ ነው። ትእዛዙም ለጋዜጠኛ ብቻ አልወረደም። ጋዜጠኛውስ ቢሆን ምሳ በልቶ፣ «የትራንስፖርት» የተባለውን ሌላውን ፖስታ ኪሱ ከትቶ ምን ጥያቄ ሊጠይቅ ነው? ደመወዙ ትንሽ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ግን የሚሸጠው የራሱን ሳይሆን የእናንተን እምነት ነው።

ነጋዴ ዕቃውን ቢያወድስ አይደንቅም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰደው ከሥር ርጥበት ባገኙ ጊዜ ሻጩን የወቀሱት እህሉን ስለሸጠ ሳይሆን የራሰውን ሰው እንዲያየው ከላይ ስላላደረገው ነበር። ጋዜጦቻችንስ? «ይህን ያዘጋጀው ድርጅቱ ራሱ ነው» የሚል አንዲት መስመር ከጽሑፉ በላይ ማተም ስንት ብር ያስወጣቸዋል?